ውሃ ጎበዝ አያውቅም

ክረምት ሲገባ፣ ወንዙ ሲሞላና ድንጋይ የወጣባቸው ጉድጓዶች ውሃ ሲያቁሩ በአዲስ አበባው ጌጃ ሰፈር ሻይ ቤቶች አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰማል። የሆነ ቦታ ልጅ ውሃ ወስዶታል። የእሳትና አደጋ ጠላቂ ዋናተኞች ደርሰዋል። በስልክ የሚዞረው ቪዲዮ ላይ ግን ዳር ቆመው ገመድ ሲፈቱ፣ ሲመካከሩ፣ የአየር መለኪያቸውን ደጋግመው ሲያዩ ይታያሉ። «ምን ይጠብቃሉ? ወንድ ጠፋ እንዴ?» ይላል አንዱ። «የድሮ ልጅ ቢሆን ልብሱን ጥሎ ገብቶ ነበር» ይላል ሌላው። የሚቃወም የለም።

እኔ እቃወማለሁ። ይህ ፍርድ የቆመው ውሃ ውስጥ ጠልቆ መሥራት የድፍረት፣ የጉልበትና የሳንባ ጉዳይ ነው በሚል እምነት ላይ ነው። እምነቱ የሻይ ቤት ብቻ ቢሆን ዝም ባልሁ። ነገር ግን ዜናው ጠላቂውን የሚያነሳው «ጀግናው» እያለ ነው፤ አለቃውም ልጆቹ ፍርሃት የማያውቁ መሆናቸውን እንደ ብቃት ማስረጃ ይቆጥረዋል፤ ወላጅም ልጁ ጎበዝ ዋናተኛ ስለሆነ ብቻ አይሰጋለትም። ይህ እምነት ስህተት ነው፤ ስህተትነቱም ሰው ያስከፍላል። ጠላቂን በሕይወት የሚያቆየው ሥርዓቱ ነው፤ ከሥርዓቱም ትልቁ «ዛሬ አልገባም» ማለት መቻሉ ነው።

መጀመሪያ የምንኮራበትን ሳንባ እንመልከት። «የደጋ ሰዎች ነን፤ የነአበበ ቢቂላ አገር ሳንባ በውሃ አይበገርም» የሚል ሞልቷል። ኩራቱ መሠረት አለው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን በባህር ጠለል ከሚኖር ሰው የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። ትልቅ ስጦታ ነው። ይሁንና ስጦታው ኦክስጅን ሲሳሳ መቋቋሚያ ነው። የጠላቂው ፈተና ሌላ ነው፦ ግፊትና ናይትሮጅን። በእነዚህ ላይ ደጋ መወለድ ምንም አይፈይድም።

በባህር ውስጥ 10 ሜትር በወረዱ ቁጥር በላያችን ያለው ከባቢ አየር የሚጫነንን ያህል ግፊት ይጨመራል። ጠላቂው ከታች ሆኖ ከሲሊንደሩ የሳበው አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይለጠጣል። ሳንባውን ሞልቶ ትንፋሹን የያዘ ሰው ከ1 ሜትር ብዙም የማይበልጥ ከፍታ ሲወጣ እንኳ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል፤ ከተቀደደው ሳንባ ያመለጠው አየር ወደ ደም ገብቶ አንጎል ይደርሳል። ጎበዝ ዋናተኛ ሲጨንቀው የሚያደርገው ደግሞ ይኸንኑ ነው፦ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ይፈተለካል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያዳነው ልማድ ሲሊንደር የተሸከመ ዕለት ይገድለዋል።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ ማራቶን ያልሮጠው የከተማዋ የተበከለ አየር አስሙን እንዳያስነሳበት ሰግቶ እንደነበር እናስታውሳለን። ጠልቆ መዋኘት ለመማር የሚመዘገብ ሰው በሚሞላው የጤና ቅጽ ላይ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ አስም ነው። በጠበበ ቧንቧ ውስጥ የታሰረ አየር ጠላቂው ሲወጣ መውጫ ያጣልና። በዚያ ዘመን የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን የያዘ ሳንባ እንኳ ሐኪም ሳያየው ውሃ አይገባም ማለት ነው። የሰፈራችን ጎረምሳ ሳንባ ታዲያ በምን ሂሳብ ያልፋል?

ጉልበትም ቢሆን በሂሳብ ይመዘን። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይጎርሳል። የተረጋጋ ጠላቂ ላይ ላዩን በደቂቃ 20 ሊትር ቢተነፍስ፣ በባህር 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ስለሆነ 60 ሊትር ይወስዳል፤ ሲሊንደሩ 40 ደቂቃ ያቆየዋል። ከውሃው ጋር ግብ ግብ የገጠመ ባለጡንቻ ደግሞ የዚያን ሦስት እጥፍ ይተነፍስና ያንኑ ሲሊንደር በ13 ደቂቃ ይጨርሰዋል። መጠባበቂያ ሳያስቀር ነው ይህ ሁሉ። ሰውነት በገዘፈና ትግል በበዛ መጠን አየሩ ያጥራል። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2003 የሞቱ 947 የመዝናኛ ጠላቂዎችን መዝገብ መርምረው ነበር። መነሻው ከታወቀው አደጋ ውስጥ 41 በመቶው የጀመረው አየር በማለቅ ነው። ሰውየውን ለሞት ያበቃው ጉዳት ከታወቀባቸው መካከል ደግሞ ከአራቱ አንዱ ገደማ የልብ ችግር ነው። ገዳዮቹ መለኪያን አለማየትና ያልተመረመረ ልብ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ ድፍረት መድኃኒት አይሆንም።

ሁለተኛው እምነት ከፍታችን ይጠቅመናል የሚለው ነው። የሚሆነው ተገላቢጦሹ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷም በባህር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ባህር ውስጥ 10 ሜትር ላይ እጥፍ የሚሆነው ግፊት በአዲስ አበባ ኩሬ ውስጥ 8 ሜትር ገደማ ላይ እጥፍ ይሆናል። የጠላቂዎች መመሪያ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለን ውሃ ሁሉ በልዩ ጥንቃቄ የሚያየው፣ ለባህር የተሰላውም ሠንጠረዥ እንዳለ እዚህ የማይሠራው ለዚህ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ይጠልቃል፤ ሻላ ከ260 ሜትር ያልፋል። የባህሩን ሠንጠረዥ ይዞ እዚያ የሚገባ ሰው በወረቀቱ ላይ ልክ የሆነው ጥልቀት በሰውነቱ ላይ ልክ ያልፋል።

ምክንያቱ ናይትሮጅን ነው። ጥልቀት ውስጥ ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ይሟሟል። ቀስ ብለው ከወጡ በትንፋሽ ይወጣል፤ ከቸኮሉ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ድንገት ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ቢያርፍ ሥቃይ፣ ህብለ ሰረሰር ላይ ቢያርፍ ሽባነት ነው። ጠላቂ በደቂቃ ከ9 ወይም ከ10 ሜትር በላይ እንዳይወጣ፣ 5 ሜትር ላይ ሲደርስም 3 ደቂቃ ያህል እንዲቆም የሚታዘዘው ለዚህ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንላለን፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ጣጣው ከውሃ ሲወጡም አያበቃም። አንድ ጊዜ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ግፊት ጋር ሊስተካከል ስለሚችል ነው። እንግዲህ ጌጃ ሰፈር አስፋልት ላይ የቆመ ሰው ግፊቱን በተመለከተ አውሮፕላን ውስጥ ካለ መንገደኛ ብዙም አይለይም። ከጅቡቲ ባህር ወጥቶ በዚያው ቀን አዲስ አበባ የሚገባ ሰው በረረም በመኪና መጣም ለሰውነቱ ያው ነው። 1,585 ሜትር ላይ ባለው ላንጋኖ ጠልቆ ማታውኑ ቤቱ የሚገባም 700 ሜትር በላይ ይወጣል። አንድ ጠላቂ ለሥራ ወደ ቆላ ተልኮ «ሥራህን ከጨረስህ ዛሬውኑ ተመለስ» ቢባል፣ ያዘዘው አለቃ ሳያውቀው አደጋ ላይ ጥሎታል።

ይህን ስል የአካል ብቃት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከምናስበው በላይ ያስፈልጋል፤ የሚፈለገው ብቃት ግን ሌላ ነው። ጠላቂ ሲሊንደሩን፣ የእርሳስ ክብደቱንና ልብሱን ሲታጠቅ 25 ኪሎና ከዚያ በላይ ተሸክሞ ነው ተንሸራታች ገደል የሚወርደው። አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከእጅና ከእግሩ ግማሽ ሊትር የሚበልጥ ደም ወደ ደረቱ ይሰበሰባል፤ ልቡ ገና ሥራ ሳይጀምር ጫና ይወድቅበታል። ደም ግፊት እንዳለበት ያላወቀ ሰው ይህን የሚያውቀው ውሃ ውስጥ ሆኖ ነው። ጉንፋን የያዘው ጆሮውን ማመጣጠን ስለማይችል የጆሮ ታምቡሩ ሊበሳ ይችላል። በእኛ ሚዛን በጉንፋን ምክንያት ሥራ የሚቀር ወንድ መሳቂያ ነው፤ በጠላቂ ሚዛን ግን ጉንፋኑን ደብቆ የሚገባው ነው የማይረባው። ስለዚህ መለኪያው በዓመት አንድ ጊዜ የሚመረመር ልብና ጆሮ፣ ያለመንገብገብ የሚተነፍስ ደረት፣ ጭለማ ውስጥ የማይሸበር አእምሮ ነው። ፑሽ አፕ ብዛት አይለካውም።

ጭለማው የምር ጭለማ ነው። የክረምቱ የከተማችን ውሃ ቡናማ ነው፤ ከላዩ አንድ ክንድ ያህል ከወረዱ ዓይን ሥራ ያቆማል። ጠላቂው የሚፈልገው በእጁ ነው፦ ጭቃ፣ ፌስታል፣ የቆርቆሮ ጠርዝ፣ ሽቦ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ እንደገና ጭቃ። በወገቡ የታሰረው ገመድ ዳር ላይ በቆመ ባልደረባው እጅ ነው። መነጋገሪያቸው አስቀድመው የተስማሙበት የገመድ መሳብ ነው፤ የገመዱ ያዥ ዓይኑን ከገመዱ አያነሳም፣ ለሚጠራው ሰው ዞሮ አይመልስም። ሦስተኛው ሰው ደግሞ ሙሉ ትጥቁን ለብሶ ምንም ሳይሠራ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ከተያዘ የሚገባው እሱ ነው። ሕዝቡ «ቆመው ያያሉ» ብሎ የሚሰድባቸው እነዚህን ሁለቱን ነው። እነሱ ባይቆሙ ኖሮ ከታች ያለው ሰው ብቻውን ነበር። ውሃው ደግሞ የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ነው፤ የአቃቂን ወንዞች የሚያውቅ ሰው ያንን ውሃ ወደ አፍንጫው አያስጠጋም። ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ጭምብልና ውሃ የማያስገባ ልብስ ቅንጦት የሚመስለው ካለ ሄዶ ያሽትተው።

እዚህ ላይ የሚነሳው መልስ ከባድ ነው፤ አልሸሸውም። «ልጁ እየሞተ ስለ ሥርዓት ይወራል?» ይባላል። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ካለፈው መጎዳት ይጀምራል። ስልክ ተደውሎ፣ መኪና ተነስቶ፣ የአዲስ አበባን መንገድ አልፎ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደሚሆን ለአንባቢ አልነግርም። ጠላቂ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው አስከሬን ነው። አስከሬን ለኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሬሳ ሳይገኝ እርም አይወጣም። ቢሆንም አንዲት እናት እርሟን እንድታወጣ ሌላዋ እናት ልጇን ማጣት የለባትም። ሕይወት የሚያድኑት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዳር ላይ ባለው ሰው እጅ ናቸው፤ እሱም መዝለል የለበትም። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ ታስሮ ቢወረወር አንድ ትልቅ ሰው አንገቱን ከውሃ በላይ ማቆየት ይችላል። ጀሪካን የሌለበት ቤት፣ ገመድ የሌለበት ሱቅ በሰፈራችን የለም። የሌለው ልማዱ ነው። ጉድጓድ ውስጥ በታፈነ አየር የወደቀውን ላውጣ ብሎ የገባው፣ እሱን ላውጣ ብሎ የተከተለው፣ ተከታትለው ያለቁበትን ዜና ስንቴ ሰማን? ያ ሁሉ ሰው ደፋር ነበር።

የዓለምም ምስክርነት ከዚህ የተለየ አይደለም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ ውስጥ 12 ልጆችና አሠልጣኛቸው በጎርፍ ተከበቡ። የአገሪቱ የባህር ኃይል ልዩ ኮማንዶዎች በቦታው ነበሩ። ልጆቹን ያገኟቸው ግን በዋሻ ጠለቃ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው፤ አንዱ፣ ሪክ ስታንተን፣ ከሃምሳ ዓመት ያለፈ ጡረተኛ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፤ ሌላው፣ ጆን ቮላንተን፣ የኮምፒውተር ባለሙያ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሰኔ 29፣ ሳማን ኩናን የተባለ የቀድሞ ኮማንዶ፣ በጽናት ስፖርት የተፈተነ ብርቱ ሰው፣ የአየር ሲሊንደር አድርሶ ሲመለስ ሕይወቱ አለፈ። ክብር ይገባዋል፤ የሞቱ ትምህርት ግን ጉልበት ዋስትና አለመሆኑ ነው። ልጆቹን ለማውጣት የተመረጠው ዘዴ ይበልጥ ያስተምራል። ሪቻርድ ሃሪስ የተባሉ አውስትራሊያዊ የማደንዘዣ ሐኪም አደነዘዟቸው፤ ነቅተው ቢጠልቁ ድንጋጤያቸው ራሳቸውንም የሚያወጣቸውንም ይገድላል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። 13ቱም በሕይወት ወጡ።

የራሳችንም ታሪክ አለን። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ ባህር ዳርቻ ላይ ወደቀ። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የነፍስ አድን ጃኬታቸውን ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ የነፉ ነበሩ፤ ውሃው ሲሞላ ጃኬቱ ወደ ጣሪያ አንሳፍፎ መውጫ አሳጣቸው። ያድናቸው ዘንድ የተሠራው ነገር በችኮላ ያዛቸው። ቀድመው ከደረሱላቸው መካከል በአቅራቢያው ባለው ሆቴል ለእረፍት የመጡ ጠላቂዎች ነበሩ። በጥር 2002 ዓ.ም. ደግሞ የበረራ ቁጥር 409 አውሮፕላን ከቤይሩት እንደተነሳ ሜድትራንያን ውስጥ ሰጠመ፤ 90 ሰው አለቀ። ስብርባሪው 45 ሜትር ገደማ ላይ ነበር። ለመዝናኛ ጠላቂ የተቀመጠው ወሰን 40 ሜትር ነው፤ ከ30 ሜትር ወዲያ ናይትሮጅን ራሱ እንደ መጠጥ አእምሮን ያደበዝዛል፤ ታች የሚቆዩበት ጊዜ በደቂቃ ይቆጠራል። የበረራ መረጃ መቅጃው የወጣው አደጋው በደረሰ በ13ኛው ቀን ነው። አዲስ አበባ ለቅሶ ላይ ለተቀመጠ ቤተሰብ እያንዳንዷ ቀን ዓመት ነበረች። ከታች የነበሩት ግን ለእያንዳንዷ ደቂቃ ሂሳብ መክፈል ነበረባቸው።

የመጨረሻው መከራከሪያ «ባህር የሌላት አገር ምን ቸገራት» የሚል ነው። ጎርፍና ጉድጓድ ባህር አይጠይቁም። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ 145 ሜትር ቁመት አለው፤ ከኋላው ንጋት ሐይቅ ተኝቷል። ባለ ግድብ አገር ጠላቂ ትፈልጋለች፤ ከዓመት ወደ ዓመትም ይበልጥ ትፈልጋለች። ጠለቃ በራሱ እብደት ነው የሚሉትም ተሳስተዋል። ያው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ እንደሚያሰላው ከአባላቱ በዓመት ከ100,000 ሰው 16 ያህሉ ሲጠልቁ ይሞታሉ፤ ሶምሶማ በሚሮጡ ሰዎች ላይ የሚነገረው 13 ገደማ ነው። በሥርዓት ለሠራው፣ እኛ ከምናደንቀው ሩጫ ብዙ የራቀ አይደለም። ሥርዓቱን ትተን ጀግንነቱን ብቻ ስናነሳ ነው ልዩነቱ የሚሰፋው።

«ገንዘብ የለም» ለሚለው፣ ከምጠይቀው አብዛኛው ገንዘብ አይፈልግም። ጠላቂ ብቻውን ውሃ አይግባ። የገመድ ያዥና ተጠባባቂ ጠላቂ ከሌሉ ሥራው አይጀመር። በዓመት አንድ ጊዜ ልቡ፣ ሳንባውና ጆሮው ይመርመር። ለከፍታችን የተስተካከለ ሠንጠረዥ በእጁ ይኑር። ከጠለቀ በኋላ ወደ ደጋ የሚመለስበት ሰዓት በጽሑፍ ይወሰን። ናይትሮጅን ቢያጠቃው የሚታከምበት የግፊት ክፍል የቅርቡ የት እንደሆነ ውሃ ከመግባቱ በፊት ይታወቅ። ከሁሉም በላይ «አልገባም» ያለ ጠላቂ በደመወዙም በስሙም አይቀጣ። ይህን የማያከብር አለቃ ጠላቂ ሊያዝዝ አይገባውም።

ለአንባቢም የምለው አለኝ። ሰው ውሃ ሲወስደው ብታይ አትዝለል። ጮኸህ ሰው ጥራ፣ በ939 ደውል፣ ያገኘኸውን የሚንሳፈፍ ነገር በገመድ አስረህ ወርውር። ጠላቂዎቹ ሲደርሱ ከዳሩ ራቅላቸው፣ ስልክህን ኪስህ ክተት፣ «ምን ትጠብቃላችሁ» አትበላቸው። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እነዚህንም ወልደው የሚጠብቁ እናቶች አሏቸው።